ማን ነው ኢኮኖሚውን የተሻለ የመራው? የፍኖተ ሰላሙ ክርክር በመሐንዲስ ዓይን

ለበዓል ቤተሰብ ልጠይቅ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ነበር። ቡናው ገና ቶና ላይ እያለ የተለመደው ክርክር ተነሳ፦ «በማን ጊዜ ነው ኑሮ የተሻለው?»

ከቡሬ ገጠር የመጡት አያቴ ጀመሩ። «በጃንሆይ ጊዜ ብር ብር ነበረች። አንድ ብር ይዘህ ገበያ ወጥተህ ስንቱን ሸምተህ ትመለስ ነበር» አሉ። ጡረታ የወጡት መምህሩ አጎቴ አልተቀበሏቸውም። «ደሞዝ ከወር ወር የሚያደርሰው በደርግ ጊዜ ነበር። ዋጋ እንዲህ በየሳምንቱ አይዘልም ነበር» አሉ። እህል የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ሁለቱንም ሳቀባቸው። «ኧረ ተዉ እባካችሁ! መንገዱንም፣ መብራቱንም፣ ስልኩንም ያየነው በኢሕአዴግ አይደል እንዴ?» አለ። ከዚያ ስለ አሁኑ መንግሥት ሲነሳ ድምፅ ከፍ ከፍ አለ።

ዝም ብላ ስታዳምጥ የቆየችው የአክስቴ ልጅ ናት። ገና 18 ዓመት ሞልቷታል። «እናንተ የምታወሩት ስላለፈው ነው፤ እኔ ግን ወደፊት ልመርጥ ነው። በምንድን ነው የምመዝነው?» ስትል ጠየቀች። አያቴ ወደኔ ዞረው «አንቺ መሐንዲስ ነሽ አይደል? እስቲ ንገሪን» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ጥሩ መልስ አልነበረኝም። ይሄ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

አውቶቡሱ፣ ሾፌሩና ዳገቱ

እኔ የማጠናው የቁጥጥር ምህንድስና ነው። በአጭሩ፣ አንድ ማሽን በትክክል እየተነዳ መሆኑን ከመለኪያው አንብቦ ማወቅ ማለት ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ መጀመሪያ የምንማረው ነገር ምን መሰላችሁ? መለኪያው የሚያሳየው የነጂውን ሥራ ብቻ አይደለም።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የመጣ ሰው የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። አውቶቡሱ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ድልድዩ ይወርዳል፤ ከድልድዩ ደግሞ ወደ ደጀን ሽቅብ ይወጣል። አሁን ድልድዩ ላይ ሾፌር ተቀየረ እንበል። የመጀመሪያው ሾፌር ሲነዳ መኪናው ይሮጥ ነበር፤ ሁለተኛው ሲይዘው ቀስ አለ። «የመጀመሪያው ሾፌር ጎበዝ ነው» ብንል ትክክል ነን? አይደለንም። ፍጥነት መለኪያው የሾፌሩን እግርና የመንገዱን ተዳፋት አንድ ላይ ደምሮ ነው ያሳየን። እንዲያውም ቁልቁለቱ ላይ የሚሮጠው ሾፌር ፍሬን መያዝ የረሳ ሊሆን ይችላል!

«በእከሌ መንግሥት ጊዜ ኢኮኖሚው አደገ፣ በእከሌ ጊዜ ወደቀ» ስንል ብዙ ጊዜ የምናደርገው ይሄንኑ ነው። ፍጥነቱን እናነባለን፤ ተዳፋቱን እንረሳለን።

እስቲ ገምቱ፦ የትኛው ቁጥር የማን ነው?

ሁለት ቁጥሮች ላሳያችሁ። ሁለቱም በዓለም ባንክ መረጃ ላይ የሚገኙ የኢትዮጵያ የአንድ ዓመት የኢኮኖሚ ዕድገት ቁጥሮች ናቸው።

ሀ. 13.6 በመቶ
ለ. 13.9 በመቶ

አንዱ ከደርግ ዘመን ነው፤ አንዱ ከኢሕአዴግ ዘመን። የትኛው የማን ነው?

«ሀ» የ1996 ዓ.ም. ነው፤ የኢሕአዴግ ጊዜ። «ለ» ደግሞ የ1979 ዓ.ም. ነው፤ የደርግ ጊዜ። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይገርመዋል። ደርግም ባለ ሁለት አኀዝ ዕድገት ነበረው እንዴ? ነበረው። ግን ከቁጥሩ በፊት የነበሩትን ዓመታት ማየት ያስፈልጋል።

የአንድ አገር ኢኮኖሚ ዕድገት የሚለካው በአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ነው። ይህም በአንድ ዓመት ውስጥ አገሪቱ ያመረተችው ዕቃና አገልግሎት ድምር ዋጋ ነው። የ1976 ዓ.ም. ምርትን 100 እንበለው። በ1977፣ በዚያ አስከፊ የድርቅና የረሃብ ዓመት፣ ኢኮኖሚው 11.1 በመቶ ወደቀ፤ 100 የነበረው 88.9 ሆነ። በ1978 ዝናቡ ተመለሰና 9.7 በመቶ አደገ፤ ወደ 97.5 ገደማ ደረሰ። አስተውሉ፣ 9.7 በመቶ «አድጎም» ድሮ ወደነበረበት አልተመለሰም። በ1979 የ13.9 በመቶው ዕድገት ሲጨመር 111 ደረሰ። ስለዚህ በሦስት ዓመት የተጨመረው 11 ብቻ ነው፤ በዓመት ከ4 በመቶ በታች ማለት ነው። ሕዝቡ በየዓመቱ ወደ 3 በመቶ ገደማ ይጨምር ስለነበር ለእያንዳንዱ ሰው የደረሰው ጭማሪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የ1996ቱም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። 1994ን 100 እንበል። በ1995 ከድርቁ የተነሳ 2.2 በመቶ ወደቀ፤ 97.8 ሆነ። በ1996 በ13.6 በመቶ ሲያድግ እንደገና 111 ገደማ። ይሄኛው በሁለት ዓመት ነው፤ በአማካይ በዓመት 5.4 በመቶ አካባቢ። ጥሩ ነው፤ ግን 13.6 አይደለም።

ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሰው ወደ ላይ ሲወጣ ብዙ ሜትር ይወጣል። ተራራ ወጣ ግን አይባልም። ከጉድጓድ በኋላ ያለ ትልቅ ቁጥር ሁሌም መጠርጠር አለበት።

ይሄ ነገር ለመራጭ ለምን ያስፈልገዋል? ግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ ሲካሄድ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የሚተላለፈውን የፓርቲዎች ክርክር ትልልቆቹ ተሰብስበው ሲያዳምጡ ትዝ ይለኛል። ገዢው ፓርቲ ኢኮኖሚው እያደገ ነው ይል ነበር፤ ተቃዋሚዎቹ ድህነቱንና የመሬት ባለቤትነትን ጥያቄ ያነሱ ነበር። ያኔ በእጅ የነበረው ትኩሱ ቁጥር ይኸው የ1996ቱ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የነበረውን ድርቅ ሳያነሱ ይሄን ቁጥር ብቻ መጥራት አድማጩን ያሳስታል። በሌላ በኩል ደግሞ የ1995ቱን ውድቀት ብቻ መጥራትም ያሳስታል።

ለፍትሐዊነት ግን ቀጣዩንም ልንገራችሁ። ከ1997 እስከ 1999 ያሉት ዓመታት 11.8፣ 10.8 እና 11.5 በመቶ ናቸው። ከጉድጓዱ ከተወጣ በኋላም ዕድገቱ ቀጥሏል ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም በድርቅ ማገገም ማስረዳት አይቻልም። የመንገድና የሌሎች መሠረተ ልማቶች ወጪ፣ የዝናቡ መልካምነት፣ የውጭ ዕዳ መሰረዝ ሁሉም ድርሻ አላቸው። የሰብል ምርት ቁጥሮቹ ምን ያህል ይታመናሉ የሚለውም በባለሙያዎች ዘንድ ሲያከራክር ቆይቷል።

ከውጭ የሚመጣው ግፊት

በቁጥጥር ምህንድስና ከሲስተሙ ውጭ መጥቶ መለኪያውን የሚያናውጥ ነገር አለ፤ ለምሳሌ ነፋስ፣ ሙቀት፣ ዳገት። ለኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ዋናው ዝናብ ነው። ሌላው የዓለም ገበያ ነው። ሁለቱንም አራት ኪሎ የተቀመጠ ሰው አያዛቸውም።

እያንዳንዱ መንግሥት የራሱ ዳገት ወይም ቁልቁለት ደርሶታል። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የአረብና የእስራኤል ጦርነት ከተነሳ በኋላ፣ የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ ወጣ። በየካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ሲያቆሙ አንዱ ምክንያት የቤንዚን ዋጋ ነበር። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989፣ የዓለም የቡና ስምምነት ፈረሰና የቡና ዋጋ በግማሽ ያህል ወደቀ። ያኔ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወጪ ንግድ ገቢያችን ከቡና ነበር። ኢሕአዴግ ደግሞ ቁልቁለትም አግኝቷል፦ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አበዳሪዎች ለድሃ አገሮች ባደረጉት ስረዛ የኢትዮጵያ የውጭ ዕዳ በእጅጉ ቀለለ።

አሁን ወደ ጎጃም ገበሬ ልምጣ። ቡሬና አካባቢው በቆሎ አምራች ነው፤ በቆሎ ደግሞ ያለ ማዳበሪያ አይሆንም። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ገበያ በአማካይ በቶን ከ250 ዶላር በታች ነበር። በሚያዝያ 2022 ከ900 ዶላር በላይ ሆነ። ምክንያቱ የተፈጥሮ ጋዝ መወደድ (ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከጋዝ ነው)፣ የቻይና የወጪ ንግድ ገደብና የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ነው። የዚያን ጊዜውን ጭማሪ አብዛኛውን ክፍል የትኛውም የኢትዮጵያ ፓርቲ ሊያስቀረው አይችልም ነበር።

ታዲያ መንግሥት ነፃ ወጣ ማለት ነው? ቆዩ! በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬዎች «ማዳበሪያ አጣን» ብለው አደባባይ ሲወጡ የዓለም ዋጋ ከ400 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ስለዚህ የዚያን ዓመቱን እጥረት «የዓለም ገበያ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ግዥው በጊዜው ተፈጸመ ወይ? የውጭ ምንዛሬ ተመደበለት ወይ? ማጓጓዙና ማከፋፈሉስ? እነዚህ የሾፌሩ ጥያቄዎች ናቸው።

በጃንሆይም ጊዜ እንዲሁ ነው። የነዳጁ ዋጋ ከውጭ መጣ፤ የወሎን ረሃብ መደበቅ ግን ከውጭ አልመጣም። የቡናው ዋጋ መውደቅ የደርግ ጥፋት አይደለም፤ የእህል ንግዱን ጠፍሮ መያዝ ግን የራሱ ውሳኔ ነበር። ተዳፋቱን የምንለካው ሾፌሩን ይቅር ለማለት አይደለም። ከሱ የሆነውንና ያልሆነውን ለመለየት ነው።

ምጣዱ ሲዘገይ

እንጀራ ጋግራችሁ ታውቃላችሁ? ምጣዱ ቀዝቅዟል ብለህ እንጨት ትጨምራለህ። ወዲያው አይግልም። «አልበቃውም» ብለህ ሌላ ትጨምራለህ። በዚህ መሃል እናትህ መጥታ ትረከብሃለች፤ የመጀመሪያው እንጀራ አረረ። ማን አሳረረው? እንጀራውን ያሰፋችው እሷ ናት፤ እሳቱን ያነደድከው ግን አንተ ነህ። በእኛ ትምህርት ይህ «መዘግየት» ይባላል፤ ከትእዛዙ እስከ ውጤቱ ያለው ጊዜ።

የኢኮኖሚ ውሳኔ ከምጣድ በላይ ይዘገያል። ከባሕር ዳር ዝቅ ብሎ ያለው የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. በጃንሆይ ጊዜ ሥራ ጀመረ፤ አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነው። መብራቱን ግን የደርግ ዘመን ሰዎችም ተጠቅመውበታል። ሁለተኛው፣ 73 ሜጋ ዋት ያለው፣ በ1993 ዓ.ም. መጣ። ከፏፏቴው የሚወርደው ውሃ ራቅ ብሎ የሚደርስበትን የህዳሴ ግድብ ደግሞ ተመልከቱት። የዓባይ ተፋሰስ ጥናት የተሠራው በጃንሆይ ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1964 ነው። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 በአቶ መለስ ጊዜ ነው። ግንባታው በአቶ ኃይለማርያም ጊዜ ቀጠለ፤ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 በዐቢይ አሕመድ (ዶ/ር) ጊዜ ነው። ታዲያ ግድቡ የማን ነው? ሪባን የቆረጠውን ብቻ ካየን ሌላውን ሁሉ እንሰርዛለን። የጀመረውን ብቻ ካየን ደግሞ አንድን ትልቅ ሥራ አስተካክሎ መጨረስ ቀላል ነው እያልን ነው።

ዕዳም እንዲሁ ይዘገያል። በታኅሣሥ 2007 ኢትዮጵያ ከዓለም የቦንድ ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። ገንዘቡ ያኔ ገባ፤ ዋናው የሚመለሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ነበር። በታኅሣሥ 2016፣ በሌላ መንግሥት ጊዜ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። የተበደረው ሌላ፣ ያልከፈለው ሌላ። ግን ያልከፈለውም ቢሆን «ዕዳው የኔ አይደለም» ብሎ ብቻ አያመልጥም፤ በመሃል በነበሩት ዓመታት በውጭ ምንዛሬው ምን ሲሠራበት ነበር፣ ጦርነቱስ ምን ያህል በላ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የማን ኢኮኖሚ?

ወደ ቤታችን ክርክር ልመልሳችሁ። ሦስቱ ዘመዶቼ ለምን እንደማይስማሙ በኋላ ላይ ነው የገባኝ። አያቴ እህል ሻጭ ናቸው። አጎቴ እህል ገዢ ናቸው። ወንድሜ በመሃል ነው። ጤፍ ሲወደድ አያቴ ጋ ደስታ፣ አጎቴ ጋ ኀዘን ነው። አንዱ ዋጋ ሁለት ኢኮኖሚ ነው።

ይሄን በግልጽ ያሳየው የ1993 እና የ1994 በቆሎ ነው። ዝናቡ ጥሩ ነበር፣ ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ተዳርሶ ነበር፣ በምዕራብ ጎጃምም በሌላውም አካባቢ በቆሎ ተትረፈረፈ። በአገር ደረጃ ዕድገቱ በ1993 ከ8 በመቶ በላይ ሆኖ ተመዘገበ። ገበሬው ግን ምን ገጠመው? ዋጋው ክፉኛ ወደቀ። አንዳንዱ ለማጨድና ለማጓጓዝ የሚያወጣውን እንኳ የሚሸፍን ዋጋ አላገኘም፤ የማዳበሪያውን ብድር ደግሞ መክፈል ነበረበት። በቀጣዩ ዓመት ብዙዎች ማዳበሪያ ቀነሱ፤ በዚያው ላይ ድርቁ መጣ። የከተማ ሰው በርካሽ በበላበት ዓመት አምራቹ ከሰረ። «ኢኮኖሚው አደገ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለቱንም አንድ ላይ ይደብቃቸዋል።

የአያቴ «በአንድ ብር ስንቱን» የሚለውም ነገር ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነበር፤ ገቢውስ? ጥሩው መለኪያ ብር ሳይሆን የሥራ ቀን ነው፦ አንድ የቀን ሠራተኛ አንድ ኩንታል በቆሎ ለመግዛት ስንት ቀን መሥራት ነበረበት? ለምሳሌ ያህል፣ ኩንታሉ 20 ብር፣ የቀን ክፍያው 1 ብር ከሆነ 20 ቀን ነው። ኩንታሉ 5,000 ብር፣ የቀን ክፍያው 500 ብር ከሆነ 10 ቀን ነው። ብሩ ረክሷል፤ በቆሎው ግን ለሠራተኛው ቀርቧል። የተገላቢጦሹም ሊሆን ይችላል። ሳይቆጥሩ አይታወቅም።

ፈረንጆቹስ?

ይሄ ችግር የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለረጅም ዘመን ያልተቋረጠ ምርጫና ቁጥር ያላቸው አገሮችም በዚሁ ይከራከራሉ።

በእንግሊዝ አገር መራጮች «ኢኮኖሚውን የሚያውቁበት ወግ አጥባቂዎቹ ናቸው ወይስ ሌበር?» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1992 ወግ አጥባቂው መንግሥት የፓውንድን ዋጋ ለማስጠበቅ ወለዱን ከ10 ወደ 12 በመቶ ከፍ አደረገ፤ በዚያው ዕለት ወደ 15 እንደሚያደርሰውም አስታወቀ። አልሆነለትም፤ በዚያው ምሽት እጅ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ኢኮኖሚው አገገመና እስከ 1997 አደገ። መራጩ ግን የዚያን ዕለቱን አልረሳም፤ በ1997 ሌበርን በትልቅ ድምፅ መረጠ። ሌበር የተረከበው እያደገ ያለ ኢኮኖሚ ነው፤ ቁልቁለት ላይ መሪ እንደያዘ ሾፌር። በ2008 ግን የዓለም የገንዘብ ቀውስ ደረሰበት፤ በ2010 ከሥልጣን ወጣ። ለቁልቁለቱ ሲመሰገን ለዳገቱ ተወቀሰ።

በአሜሪካ ደግሞ አለን ብላይንደርና ማርክ ዋትሰን የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ከትሩማን እስከ ኦባማ ያለውን ጊዜ ለኩ። በዴሞክራት ፕሬዚዳንቶች ጊዜ ዕድገቱ በዓመት ወደ 1.8 በመቶ ነጥብ ከፍ ያለ ሆኖ አገኙት። ትልቅ ልዩነት ነው! ምክንያቱን ሲፈልጉ ግን የበጀትና የወለድ ፖሊሲ ልዩነት አላስረዳቸውም። አብዛኛው የነዳጅ ዋጋ፣ የምርታማነትና የዓለም ሁኔታ መገጣጠም ነበር። በቀላል አማርኛ፣ ዕድል።

ታዲያ መለየት አይቻልም ማለት ነው?

እዚህ ላይ የአክስቴን ልጅ ተስፋ ማስቆረጥ አልፈልግም። «ሁሉም ዕድል ነው» ካልን ምርጫ ምን ይሠራል? መለየት ይቻላል፤ ግን መንግሥትን በጅምላ ሳይሆን ውሳኔን በነጠላ መመዘን ያስፈልጋል። ምርጡ ምሳሌ ደግሞ እዚሁ ጎጃም ውስጥ አለ።

በደርግ ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው እህል በኮታና በተተመነ ዋጋ ይገዛ ነበር። ጎጃምና አርሲ ትርፍ አምራች ስለነበሩ ቁጥጥሩ እዚያ በጣም ይጠብቅ ነበር፤ የግል ነጋዴ እህል ጭኖ እንዳያልፍ ኬላ ይዘጋበታል። ውጤቱ፦ ትርፍ ባለበት ገበሬው በርካሽ ይሸጣል፣ እጥረት ባለበት ሸማቹ በውድ ይገዛል። በ1982 ዓ.ም. ያው ደርግ ራሱ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አውጆ ኮታውንና የንግድ ክልከላውን አነሳ።

የዚህን ውሳኔ ውጤት እንዴት እንለካዋለን? የጎጃምን የእህል ዋጋ ብቻ ብናይ ዝናቡ ያምታታናል። ስለዚህ መሐንዲሶች የምንወደውን ዘዴ እንጠቀማለን፤ ልዩነትን መለካት። በትርፍ አምራች አካባቢ ያለውን ዋጋና እጥረት ባለበት ከተማ ያለውን ዋጋ በአንድ ቀን ወስደን እንቀናንሳለን። ዝናቡም፣ የብሩ መርከስም ሁለቱንም ስለሚነካ በመቀነሱ በአብዛኛው ይጣፋል፤ የሚቀረው የማጓጓዣውና የኬላው ነገር ነው። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ክልከላው ከተነሳ ወዲህ ይህ የዋጋ ልዩነት እንደጠበበና ገበያዎቹ በተሻለ እንደተሳሰሩ አሳይተዋል። መንግሥቱ ያው ደርግ፣ መሬቱ ያው ጎጃም ነው፤ የተቀየረው ውሳኔው ነው።

ይሄ ለኔ ትልቁ ትምህርት ነው። «ደርግ ኢኮኖሚ ይችላል ወይስ አይችልም?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። «የእህል ኮታው ገበሬውን ጎዳው ወይ?» የሚለው ግን መልስ አለው። የዛሬዎቹንም እንዲሁ ነው መጠየቅ ያለብን። ለምሳሌ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ተወሰነ። «መንግሥት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ከማለት ይልቅ ባንክና ጥቁር ገበያ ላይ ያለው የምንዛሬ ልዩነት ጠበበ ወይ? ላኪው ምን አገኘ? ደሞዝተኛው ምን አጣ? ማዳበሪያ የሚገዛው ገበሬስ? ብንል ይሻላል።

ለአዲስ መራጭ አምስት ጥያቄዎች

አንድ ፖለቲከኛ «በኛ ጊዜ ይሄን ያህል አደገ» ወይም «በነሱ ጊዜ ይሄን ያህል ወደቀ» ሲላችሁ እነዚህን ጠይቁ።

1. ከየት ተነስቶ? ከዚያ በፊት ያሉትን ሦስት አራት ዓመታት ጨምራችሁ እዩ። ጉድጓድ አለ?

2. መንገዱ ዳገት ነበር ወይስ ቁልቁለት? የዓመቱን ዝናብና የዓለም ዋጋ እዩ። ጎረቤቶቻችን፣ ለምሳሌ ኬንያና ኡጋንዳ፣ በዚያው ዓመት ምን ገጠማቸው?

3. እሳቱን ማን አነደደው? ሥራው መቼ ተጀመረ? ዕዳውስ የሚከፈለው መቼ ነው?

4. ለማን አደገ? ለሻጩ፣ ለገዢው፣ ለደሞዝተኛው ወይስ ለቀን ሠራተኛው? ዋጋውን ወደ ሥራ ቀን ለውጡት።

5. የትኛው ውሳኔ? አንድ ውሳኔ ጥሩልኝና ባይደረግ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስረዱኝ በሏቸው። ይሄን መመለስ ያቃተው ሰው ስለ ዕድሉ እያወራ ነው።

ጽሑፉን ስጨርስ ለአክስቴ ልጅ ላኩላት። በማግሥቱ ደወለች። አያቴን «በወጣትነትዎ አንድ ኩንታል በቆሎ ለመግዛት ስንት ቀን ይሠራ ነበር?» ብላ ጠይቃቸዋለች። እሳቸው ግን መጀመሪያ ሌላ ነገር ነገሯት። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ሲጥል የጎጃም ገበሬ እንዴት እንዳመፀና ሰው እንደሞተበት፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው እንደተነሳ። «ያኔ ስለ ግብር የምንከራከርበት የድምፅ ካርድ አልነበረንም» አሏት።

የኩንታሉን ነገር ግን እስካሁን አልመለሱም። ጣት እየቆጠሩ፣ ከጎረቤት አዛውንት ጋር እየተከራከሩ ነው። እናንተም ቤታችሁ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁና በየዘመኑ ያገኛችሁትን የቀን ብዛት ወረቀት ላይ አስፍሩት።